ከዘይት የቀጠነ

ውድ ችካሉ፣

እንደምን ነህ ብዬ ጊዜ አላጠፋም፤ እንደ ቅጽል ስምህ ተተክለህ እንደተቀመጥክ አውቃለሁ። ተላቀቀ! ሳይሰነጠቅ ተላቀቀ! ያላቀቀችው ልጅህ ናት።

ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቃለህ፤ የምትጽፍልኝም እሷው ናት። «አጎቴ፣ ይሄንንስ አልጽፍም» ትላለች። ጻፊ ብያታለሁ! የአናጢነት ቤታችንን ትታ ስትሄድ «በዓይን የማይታይ ነገር ሥራ አይደለም» ብለህ አኮረፍካት፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅህን አልሰማችም። ትናንትም የጠራችው አንተን ነበር። ስትቀር እኔ ሄድኩ።

ነጭ ቱታ አልብሰው፣ ጢሜን ሸፍነው ከምትሠራበት ላቦራቶሪ አስገቡኝ፤ ሙሽራ መሰልኩ። ክሪስታል ከምታሳድግበት ምድጃ የመዳፍ ስፋት ያላት ክብ ዝርግ ነገር አወጣች። ከታች ጠንካራ ክሪስታል አለ። በላዩ ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ የካርቦን ንጣፍ ተነጥፏል። የማይታይ ያልከው እሱን ነው፤ እውነትህን ነው፣ እኔም አላየሁትም። በዚያ ላይ ነው ለስልክና ለመብራት የሚሆነውን የሴሚኮንዳክተር ክሪስታል ያሳደገችው። የላይኛው የታችኛውን የአቶሞች አሰላለፍ በንጣፉ በኩል ይቀዳል፤ ግን አይጣበቅበትም።

«ይሄማ የእኛ ዘይት ነው!» ብዬ ጮህኩ። ኮንክሪቱ እንዳይይዘው ጣውላው ላይ የምንቀባው! ተቀብቶም ቢሆን የእንጨቱ መስመር ኮንክሪቱ ላይ ይወጣ አልነበር?

ሳቀች። «አጎቴ፣ ይሄኛው ከዘይት እጅግ ይቀጥናል እንጂ ነገሩስ ይቀራረባል። መጀመሪያ ያየሁትም አባዬ ጋ ነው» አለች።

እዚህ ላይ እጇ ቆመ። ጻፊ እንጂ!

ከዚያ በላይኛው ክሪስታል ላይ ፕላስተር ለጥፋ ትልጠው ጀመር። እስከ ዛሬ የላጠችው ሁሉ እየተሰነጠቀባት፣ አለቃዋ «ይሄም ከተሰበረ ሥራው ይቆማል» ብሏታል። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ፤ አለቃዋም ያዘ። ጫፉ ተነሣ። መሃሉ ላይ ትንሽ እንቢ አለ። ኋላ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሙሉው መጣ! የታችኛውም ደህና ነው፤ ደግሞ ያገለግላል። ጣውላ ደህና ሲላቀቅልን አንተን አቅፍህ አልነበር? አለቃዋን አቀፍኩት። ሰውዬው ደነገጠ።

አናጢ ከተባለ እኔ ነኝ፤ ካንተም እበልጣለሁ። እንደዚህ ያለ ልስልስ ፊት ግን አላወጣሁም። አንተም አላወጣህም።

በዚያችው ክሪስታል ላይ ሌላ ልታሳድግ ነው። ስትልጠው አጠገቧ የምትቆመው አንተ ነህ። ጉልበቴን እንዳትለኝ፤ የእኔ ይብሳል።

እኔ ጨርሻለሁ። የመጨረሻውን መስመር ለእሷ ትቼላታለሁ።

ዘይት ቀቢው ጓደኛህ

አባዬ፣ ና።