የሰኞው የጨረቃ ትምህርት

ታዴዬ፣ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ አራት ወር ከአሥር ቀን ሆነ። የመቃብርህ አፈር ረግቷል። አሶሳም እንደተውካት አይደለችም፤ አዲሱ ክልል በየሳምንቱ ቢሮ ይከፍታል፣ ግማሾቹ መምህራን ወደዚያ ተዛውረዋል። ካንተ በኋላ ክፍልህ መምህር ሳይገባበት ቆይቶ፣ በመጨረሻ የሳይንሱን ክፍለ ጊዜ ከማስተምረው አማርኛ ጋር ደርበው ለእኔ ሰጡ።

እምቢ ልል ነበር። ማስታወሻህን ስከፍተው ግን ወባው ሲጥልህ ያቆምክበትን አየሁ። «ጨረቃ» ብለህ ጽፈህ አስምረህበታል፤ ከሥሩ ባዶ ነው። ልጨርስልህ ብዬ ገባሁ።

ጨረቃ የራሷ ብርሃን እንደሌላት፣ የፀሐይን ብርሃን እንደምታንጸባርቅ ነገርኳቸው። ምድርን ለመዞር ሃያ ሰባት ቀን ያህል ይፈጅባታል ስል ሃዋ፣ ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው የበርታ ልጅ፣ እጇን አወጣች።

«ጨረቃ በራሱ ላይ ለመዞርም እኩል ቀን ነው የሚፈጅበት፣ ቲቸር። ለዚህ ነው ጀርባውን የማናየው።»

«ማን አስተማረሽ?»

«ቲቸር ታደሰ። ሰኞ።»

«የትኛው ሰኞ?»

«ያለፈው።»

ደብተራቸውን አስወጣኋቸው። ጨረቃ በየዓመቱ ሁለት ጣት ያህል ከምድር እንደምትርቅ ሳይቀር ሁሉም ጽፈውታል። ያንን የነገርከኝ የባምባሲ መንገድ ላይ መኪና ተበላሽቶብን ዛፍ ሥር ተቀምጠን ሳለ ነበር፤ መጽሐፋቸው ላይ የለም። ሰሌዳው ላይ ጽፎላችሁ ነው ወይ ስላት ሃዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አይጽፍም። ጀርባውን አይሰጠንም።»

ታዴዬ፣ ከመፍራቴ በፊት ቀናሁ። እኔ አልጋው ላይ ቦታህን ትቼ ስጠብቅህ፣ አንተ ለእነሱ መጣህ።

በሚቀጥለው ሰኞ ቀድሜያቸው ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ጨረቃ ገና አልጠለቀችም፤ ከቀርከሃው በላይ፣ በጠዋቱ ሰማይ ላይ ነጣ ብላ ትታያለች። ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ ሲንጫጩ ቆይተው በአንዴ ጸጥ አሉ። ከዚያ፣ መምህር ሲገባ እንደሚያደርጉት፣ ወደ በሩ እያዩ ሁሉም ብድግ አሉ።

በሩ ላይ ማንም አልታየኝም። እኔም ተነሳሁ።

ሲቀመጡ ተቀመጥኩ። አቀርቅረው መጻፍ ጀመሩ። ድምፅህን ለመስማት ብዙ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ሃዋ አየችኝና ደብተሯን ቀስ ብላ ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ። ከእሷ እየገለበጥኩ ትምህርትህን እስከ መጨረሻው ተከታተልኩ።

አልረሳህም፣ ሆዴ። ሰኞ ሰኞ ከክፍልህ አልቀርም። አንተ ተናገር፤ እኔ ከልጆቹ ደብተር አነብሃለሁ።

ባለቤትህ