ስልሳው ኪስና የስክሪኑ ልክ

ውድ ቁልፊቴ፣

ከእኔ ደብዳቤ ሲደርስሽ መጀመሪያ የሚመጣብሽ ሐሳብ «ማን ሞተ?» የሚል እንደሆነ አውቃለሁ። ማንም አልሞተም። እናትሽ ደህና ናት፤ ድምጿም ደህና ነው፣ ከሦስት ቤት በላይ ይሰማል። የሞተው የሱቁ ፕሪንተር ብቻ ነው፤ እሱም እንደ ልማዱ ከሰዓት በኋላ ይነሳል።

በስልክ ያልነገርኩሽ ሞክሬ ስላቃተኝ ነው። በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ ደወልኩልሽ፤ ሦስቱንም ጊዜ ቀልድ ቀደመኝ። አንቺ ሳቅሽ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ዘጋን። ስልኩን ባስቀመጥኩ ቁጥር የምነግርሽ ነገር ሳይነገር እኔው ዘንድ ቀረ። ወረቀት ግን ስለማይስቅልኝ እዚህ ላይ ማምለጫ የለኝም።

ነገሩ የሠላሳዎቹ ጃኬቶች ነገር ነው። የምታውቂውንም ጨምሬ ከሥሩ ልጀምር፤ የሚናዘዝ ሰው ከመሃል አይጀምርም።

ባለፈው ዓመት የሱቁ ኮምፒውተር ሲቃጠል አብሮ የሚቃጠል የመሰለኝ እንጀራዬ ነበር። የልብስ ቅርጽ የምሥልበት ፕሮግራም አሮጌ ስለሆነ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ አልነሳ አለ። አንቺ ያለሽበት ከተማ ሆነሽ «ግድ የለህም ጋሼ» አልሽኝና በቤትሽ ባለው ትልቁ ማሽን ላይ ቨርቹዋል ማሽን ሠራሽልኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ኮምፒውተር ውስጥ የሚኖር ኮምፒውተር ነው።»

«ተከራይ ነዋ!»

«አዎ፣ ግን የማያስቸግር ተከራይ።»

ከዚያ ወዲህ እኔ ሱቅ ተቀምጬ፣ ሥራው አንቺ ቤት እየተሠራ፣ ስንት ሸሚዝና ስንት ሱሪ አወጣን። አንድ ችግር ብቻ ነበር። ከሩቅ ስገናኘው ፊደሉ ሁሉ ጉንዳን ሆኖ ይታየኛል። ለማንም አልተናገርኩም። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የቆረጠ ሰው «ዓይኔ ደከመ» ብሎ ቢናገር ደንበኛው ጨርቁን ጠቅልሎ ይሄዳል። እናትሽ ግን ሳላያት ፎቶ አንስታ ላከችልሽ። በማግስቱ ደወልሽ።

«ጋሼ፣ አፍንጫህ ስክሪኑን ነክቷል።»

«እየሳምኩት ነው።»

«ጀርባህ እኮ ጎብጧል! ሪዞሉሽኑን ዝቅ እናድርገው፣ ፊደሉ ይተልቅልሃል።»

«ዝቅ ተደርጎ እንዴት ነው የሚተልቀው?»

«አውቶቡስ ውስጥ ተሳፋሪ ሲቀንስ ለቀሩት ቦታ አይሰፋም? እንደዚያ ነው። ስክሪኑ ላይ ነጥቦቹ ሲያንሱ እያንዳንዱ ተደላድሎ ይቀመጣል።»

እንዲህ ያለ ማብራሪያ ከየት እንደምታመጪው እንጃ። በአራት ዓመትሽ የሸሚዝ ቁልፍ ውጠሽ ሁለት ቀን ሙሉ ቤተሰቡን ፖፖ ስታስጠብቂ ይህ ሁሉ እውቀት እንደሚወጣሽ ማን ጠረጠረ።

እኔማ እንደ ልማዴ ቸኩዬ፣ ከቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ እንዳለሁ ልቀይረው ስታገል ነበር። «አይፈቀድም» ይለኛል፤ እኔም መልሼ እጫነዋለሁ። አንቺ በስልክ እየሳቅሽ፣ «ጋሼ፣ ውስጥ ሆነህ አትልፋ። መጀመሪያ ግንኙነቱን አቋርጠህ ውጣ። ከመገናኘትህ በፊት የምትመጣዋ ትንሽ መስኮት ላይ የማሳያውን ክፍል ክፈት፣ እዚያ ተንሸራታች አለ፣ ወደ ግራ ጎትተው» አልሽኝ። ጎተትኩት። 1920 በ1080 የነበረው 1600 በ900 ሆነ። መልሼ ስገባ ፊደሎቹ ወፍረው፣ ተስማምቷቸው ጠበቁኝ። ወንበሬ ላይ ወደ ኋላ ተደገፍኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ!

ልትዘጊ ስትይ ደግሞ አንድ ነገር አልሽኝ፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ጋሼ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ሥዕል ነው። ልኩ ከፕሪንተር የሚወጣው ወረቀት ነው። እሺ?»

«እሺ» አልኩሽ።

እሺ ማለትስ ማንን ገደለ። እኔ እኮ ፕሪንተሩን ለትልልቁ ቁራጭ ካልሆነ ከተውኩት ወራት አልፎኝ ነበር። ኪስ፣ ኮሌታ፣ እጅጌ ጫፍ የመሳሰለውን ትንንሽ ነገር ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ በቀጥታ የስክሪኑ መስታወት ላይ እለካና ካርቶን ላይ አሠፍረዋለሁ። አንድ ቀን እንደ ዘበት የአሥር ሳንቲሜትር መሥመር ብለካት ልክ አሥር ሆና ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን እንደ ፈላስፋ ቆጠርኩ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። እኔን እንኳ አወቅህ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ለራሴ ራሴው ነኝ ያልኩት።

አንቺ ፊደሉን ባተለቅሽልኝ ሳምንት የአንድ ምግብ ቤት የአስተናጋጆች ጃኬት ትእዛዝ መጣ። ሠላሳ ጃኬት፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ኪስ። ፕሮግራሙ ከኪሱ አጠገብ ስፋቱን በሳንቲሜትር «12» ብሎ ጽፏል። ሜትሬ ግን አሥራ አራት ከግማሽ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ቁልፊት፣ ሁለቱንም አየሁ። አላየሁም ብልሽ እዋሻለሁ። አየሁና ምን አልኩ? ሜትሬ በሠላሳ ዓመት ዋሽታኝ አታውቅም፤ ይህ የትናንት ኮምፒውተር ነው የሚቀጥፈው አልኩ። ካርቶኑን በሜትሬ ልክ ቆረጥኩ።

ሱቅ ውስጥ አብራኝ የምትሠራው ስፌተኛ ካርቶኑን ወደ ላይ አንስታ አየችው። «ጋሼ፣ ይሄ ኪስ አልበዛም?»

«ሜትር ይዋሻል እንዴ?»

«አይ፣ እኔማ ምን አውቃለሁ። ከሰፉት ይሰፋል።» ሰፋችው። ስልሳውንም።

የምግብ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ መጥቶ አንዱን ለበሰና ሁለት እጁን እስከ አንጓው ከተተ። «ወንድሜ፣ አስተናጋጆቼ ምግቡን በኪስ ነው እንዴ የሚያቀርቡት?» አለኝ። ስፌተኛዋ ሳቋ አምልጧት ወደ ጓዳ ሮጠች። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ስንተረትር፣ መርፌው የበሳውን ቀዳዳ በእንፋሎት ካውያ ስናጠፋ፣ መልሰን ስንሰፋ ከረምን። ሦስት ቀን ዘገየን፣ ሰውየውም አጉረመረመ፣ ግን ወሰደ። እስከዚህ ድረስ ክፉ የለውም።

ክፉው ቀጥሎ ያለው ነው። አንቺ ሰምተሽ ደወልሽ። ድምጽሽ ቀጥኖ ነበር። «ጋሼ፣ እኔ ሪዞሉሽኑን ስለቀየርኩት ይሆን?»

ያን ጊዜ «አይደለም» ማለት ነበረብኝ። አምስት ፊደል ናት። እኔ ግን «እንግዲህ… ማሽን ነው፣ ምን ይደረጋል» አልኩ። እሑድ ደግሞ ምሳ ላይ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት «የእህቴ ልጅ ማሽን ለዝሆን ኪስ አሰፋኝ» ብዬ ቤቱን በሳቅ ሞላሁት። ያ ቀልድ ሲደምቅልኝ ጊዜ በሚቀጥለውም እሑድ ደገምኩት። አንቺም በስልክ ስትሰሚው የሳቅሽ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ዕለት እናትሽ ልብስ እያጠፈች፣ ነገሩን እንደ ቀላል ወሬ አነሳችው። መሥሪያ ቤትሽ መቶ ሃያ ሠራተኞች ከየቤታቸው የሚገናኙባቸውን ማሽኖች ኃላፊ አድርጌ ልሹምሽ ብሎሻል፤ እስከ ዓርብ መልስ ስጪ ተብለሻል፤ አንቺ ግን እምቢ ልትይ ነው።

«ለምን?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ። ‹የአንድ አጎቴን ስክሪን አስተካክላለሁ ብዬ ሠላሳ ጃኬት አበላሸሁ፤ መቶ ሃያ ሰው ቢሰጡኝ ምን ላደርግ ነው› አለችኝ።»

የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። እናትሽ ዞር ብላ አየችኝ። ታላቅ እህት ናት፤ ከልጅነቴ ጀምራ ፊቴን ማንበብ ታውቃለች። «አንተ፣ ምን አድርገሃል?» አለች።

በማግስቱ ሱቁን ቀድሜ ከፈትኩና ብቻዬን ተቀመጥኩ። ግንኙነቱን አቋርጬ ወጣሁ፣ ተንሸራታቹን ወደ ቀኝ መለስኩት፣ ገባሁ፣ የኪሱን ሥዕል ከፈትኩ፣ ለካሁ፦ አሥራ ሁለት። ወጣሁ፣ ወደ ግራ ጎተትኩት፣ ገባሁ፣ ለካሁ፦ አሥራ አራት ነጥብ አራት። ከጎኑ የተጻፈው ቁጥር ግን ሁለቱንም ጊዜ 12 ነበር። ፕሪንተሩን ቀስቅሼ ሁለቱንም አሳተምኩ፤ ሁለቱም ወረቀት አሥራ ሁለት። ያንቺ ማሽን አንዲት ጊዜ እንኳ አልዋሸም፤ ሥዕሉን ለዓይኔ አቀረበልኝ እንጂ ልኩን አልነካም። መስታወት ላይ ሜትር የዘረጋው፣ የተጻፈለትን ቁጥር የናቀው፣ ከዚያም ጥፋቱን ባንቺ ላይ የጣለው አንድ ሰው ነው።

ስፌተኛዋ ስትገባ ነገርኳት። «እኔማ ያኔውኑ አውቄያለሁ፣ ሽማግሌ አይዋረድም ብዬ ነው እንጂ» አለችና ሻዩን አቀረበችልኝ። ማታ ለእናትሽ ነገርኳት። እሷ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም፤ ወረቀቱ ይቃጠላል።

አሁን ስሚኝ። ሥራውን ካልፈለግሽው ተይው። ድካሙ ከበዛብሽ፣ አለቃሽ ካላማረሽ፣ ወይም ዝም ብለሽ ደስ ካላለሽ እምቢ በያቸው፤ እኔም አጨበጭባለሁ። በእኔ ኪስ የተነሳ ግን እንዳትይ። መቶ ሃያ ሰው ከየቤቱ ማሽኑን ሲከፍት፣ የጎበጠ ጀርባ በፎቶ አይቶ ስልክ የሚያነሳ ሰው ነው የሚያስፈልገው። ማሽን የሚያውቅ ባለሙያ ሞልቷል፤ ጀርባ የምታይ አንቺን ብቻ ነው የማውቀው።

ስክሪኑን 1600 በ900 ላይ ትቼዋለሁ። ተደግፌ ነው የምሠራው። ሜትሬ ከኮምፒውተሩ አምስት እርምጃ ርቃ ሚስማር ላይ ተሰቅላለች፤ ስፌተኛዋ ናት የሰቀለቻት፣ «ከዚህ ወዲህ አታልፍም» ብላ።

እሑድ ምሳ ላይ ሁሉም ሲቀመጡ ስልኩን ጠረጴዛው መሃል አድርጌ፣ ድምጹን ከፍቼ፣ ታሪኩን እንደሆነው እናገራለሁ፤ አንቺ እየሰማሽ። መሳቅ የፈለገ በእኔ ይሳቅ፣ ይበቃል ብዬ አልከለክልም።

ደብዳቤውን ነገ ጠዋት ወደ እናንተ ለሚነዳው ጎረቤታችን እሰጠዋለሁ፣ ከዓርብ በፊት ይደርስሻል። አንብበሽ ስትጨርሺ ደውይልኝ። «እንዴት ነህ ጋሼ» ማለት አያስፈልግሽም፤ በቀጥታ ስድቡን ጀምሪ። አንድም ቀልድ ሳላስገባ እስክትጨርሺ እሰማሻለሁ። ይህንን ነው ቃል የምገባልሽ፤ ለእኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

ስልሳውንም ኪስ በገዛ እጁ የለካው
አጎትሽ