ማዳም ዘጠኝ ልትሰጠው የነበረው ጌም

ጥቅምት 17፣ 2006
ሙቀቱ ዛሬ ትንሽ ተንፈስ አደረገን። ልብስ አጠብኩ፣ ዓሣ ጠበስኩ። ማዳም ክሌር ከጠዋት ጀምሮ ቴሌቪዥኑ ፊት ናት። ሥራዋ ነው... አዲስ ጌም ሲወጣ ትጫወትና ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው ብላ ፓሪስ ላለ መጽሔት ትጽፋለች። እዚህ ሰው አገር፣ ሄሮን ሰፈር ስቀጠር ሥራ ፈት መስላኝ ነበር! ሦስት ዓመት አየኋት፤ ድካም አለው።
የአሁኑን አምስት መቶ ሰው ነው የሠራው አሉ። ባሕሩ፣ ተራራው... "ከዐሥር ዘጠኝ እሰጠዋለሁ ውቢት፣ መጨረሻውን ብቻ ልየው" አለችኝ።

ጥቅምት 19
ምን ነካኝ?
ማዳም ስልክ ልታነጋግር በረንዳ ወጣች። ካውያ ልሰካ ብዬ የጌሙን ገመድ ነቀልኩ። ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ ትንሽ ክብ ነገር ይዞር ነበር፣ ከሥሩ ጽሑፍ አለ። ፈረንሳይኛ ማንበብ የት አውቄ... ወዲያው መልሼ ሰካሁት። ተመልሳ ስትከፍተው ባዶ። ለካ ያ ክብ ሲዞር ጨዋታውን እያስቀመጠ ነበር፤ የዐሥር ቀን ጨዋታ ጠፋ። ጽሑፉን የምታስረክበው ደግሞ በሚመጣው ሳምንት ነው።
"መብራት ሄዶ ነበር እንዴ?"
ካውያውን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ። ዝምታዬን እንደ አዎ ቆጠረችው።

ጥቅምት 20
ካርቲየ 4 ሰፈር ገበያ ውስጥ ጓደኛዬን ቡርቱካንን አገኘኋት። እሷም ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ነገርኳት።
"አብደሻል? መብራት ነው በያ! እዚህ አገር መብራት ጠፋ ቢባል ማን ይጠራጠራል?"
እውነቷን ነው። የመኖሪያ ወረቀቴ በማዳም ስም ነው የወጣው። ካባረረችኝ በማግሥቱ ድንበሩን፣ ደወሌን ተሻግሬ ድሬዳዋ ነኝ። ከዚያስ?
ማዳም እንደ አዲስ ጀምራለች። ዓይኗ ቀልቷል። መብራት ኃይልን ስትራገም ዋለች። ምሳ አልበላችም። ሳህኗን እንደ ሞላ መለስኩት።

ጥቅምት 21
ነገርኳት።
"ማዳም፣ መብራት አልጠፋም። ገመዱን የነቀልኩት እኔ ነኝ።"
"ለምን ያኔውኑ አልነገርሽኝም?"
"ያባርሩኛል ብዬ።"
ፊቷ ቀላ። "ሂጂ አሁን" አለችኝ። ክፍሌ ገብቼ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ... ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።
"ማን ሂጂ ከቤቴ አለሽ? መልሺው። ነይ አጠገቤ ተቀመጪ፣ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ።"
እፎይ... ልብሴን ከሻንጣው አውጥቼ መልሼ ሰቀልኩ።

ጥቅምት 23
ጌሙ ውስጥ ዳቦ የምትሸጥ ሴትዮ አለች። ሰፈሯ ተቃጠለ፣ ልጇ ሞተ። ጀግናው ሲመለስ፣ "እንኳን ደህና መጣህ! ትኩስ ዳቦ አለ!" ትለዋለች እየሣቀች።
"ማዳም፣ ልጇ ሞቶ የለም እንዴ?"
ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ተመልሳ አነጋገረቻት። ያው ነው። ሌሎቹንም አንድ በአንድ አነጋገረች... ሁሉም ያው።
"መጀመሪያ ጊዜ ተራራውን ሳይ እነዚህን ሰዎች አላየኋቸውም" አለች።

ጥቅምት 27
ጽሑፉ ሄደ። ዘጠኙ ስድስት ሆነ።
"እንደዚያው ዘጠኝ ብዬ ቢታተም ኖሮ አፍር ነበር" አለችኝ። "ገመዱን ግን ሁለተኛ እንዳትነኪ!"
ሌሊቱን ሙሉ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ኅዳር 9
ማዳምና በሥራ ምክንያት ብዙ ቤት የማይውለው ባሏ ለሽርሽር ባሕር ዳር፣ ታጁራ ናቸው። ሌላ ትልቅ ጌም መጥቷል። "እስክመለስ ተጫወቺው፣ ያየሽውን ሳትደብቂ ትነግሪኛለሽ" ብላ ሄደች።
ቡርቱካን ደወለች። "ምን እየሠራሽ ነው?"
"ሥራ ላይ ነኝ። በኋላ ልደውልልሽ።"
የገመድ ድልድዩ ላይ አራቴ ሞትኩ። ማዳም ነገ ስትመለስ እነግራታለሁ፦ ይህን ድልድይ የሠራው ሰው ወንዝ ተሻግሮ አያውቅም።