የብሪጂድ ጤዛ

ጥር 23
የሆላንዷ ራይስዋይክ እንደ ልማዷ ዝናብ። ትራሙ ዘገየ፣ እኔም ዘገየሁ። በአረጋውያን መኖሪያው የምንከባከባቸው አሮጊት፣ ሜቭራው (ወይዘሮ) ኖራ፣ ቁርሳቸውን አልነኩም። ሐሳባቸው ሁሉ ሮተርዳም ነው... የልጅ ልጃቸው ኬት ልትወልድ ደርሳለች። የፊተኛው ሆዷ ውስጥ እንዳለ ነው የሞተባት። "ማርያም ትቅረባት" አልኳቸው፣ በሆላንድኛ እንደምንም ተርጉሜ። ደስ አላቸው። አየርላንዳዊት ናቸው፣ ካቶሊክ።

ጥር 24
ምን ነካኝ? ጠዋት በረንዳቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ተሰቅሎ አየሁ፣ በጤዛ የራሰ። ረስተውት አድሯል ብዬ ከአንሶላው ጋር ማሽን ውስጥ ከተትኩት። ቅልጥፍናዬ ይቅርብኝ።

ቁርስ ሳቀርብ፣ "ጨርቄን አስገቢልኝ፣ እንዳታራግፊው" አሉኝ። ዛሬ ለካ የቅድስት ብሪጂድ ቀን ነው። ሰው የሚያውቀው በመጋቢት አረንጓዴ የሚለብሱበትን በዓላቸውን ነው፤ የብሪጂድን ማን ያውቃል? በዋዜማው ጨርቅ ውጭ ያሳድራሉ። ቅድስቲቱ ስታልፍ ትባርከዋለች፤ ራሱን ለታመመ፣ ምጥ ለያዛት ሴት ይሆናል። "ይሄ የኬት ነው" አሉ።

"እሺ" ብዬ ሮጥኩ። ማሽኑ ይዞራል... አወጣሁት። ሳሙናው እንዳይሸት በቧንቧ ውሃ ደጋግሜ አለቀለቅሁት፣ ጨምቄ ሰጠኋቸው። ሳሙት። አለቀሱ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጥር 26
ኬት ትናንት መጥታ ጨርቁን ወሰደች። ለባልደረባዬ ለሳያት ነገርኳት። "ከነገሩ ጦም እደሩ። የሚያድነው እምነታቸው ነው፣ ዝም በይ" አለች። እሺ... አንዱ የቧንቧ ውሃ ቀድቶ ለእናቴ "ጠበል ነው" ብሎ ቢሰጣትስ? ዝም ይባላል?

ጥር 28
ብነግራቸው ተስፋቸውን ልገድል። ባልነግራቸው... ህሊናዬ አላስቀምጥ አለኝ።

ጥር 30
ነገርኳቸው። "ጨርቁን አጥቤዋለሁ። ያራሰው ጤዛ አይደለም፣ እኔ ነኝ፣ በቧንቧ ውሃ። ዋሸሁዎት።" መስኮት መስኮቱን አዩ። ከዚያ "ውጪ" ብቻ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 3
ኬትን ምጥ ያዛት። ሜቭራው ኖራ አስጠሩኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል።
"እናንተ አገር ምን ታደርጋላችሁ?"
"ሴቱ ተሰብስቦ 'ማርያም፣ ማርያም' ይላል፣ እስክትገላገል።"
"በይ እንግዲህ።"
ተንበርክኬ ጀመርኩ። ተከተሉኝ፣ በኮልታፋ አማርኛ። ሳያት ድምፃችንን ሰምታ ገባች፣ እሷም ተንበረከከች። እሷ ነች "ዝም በይ" ያለችኝ... ሜቭራው ግን አንዴም ቀና ብለው አላዩኝም።

የካቲት 4
ሴት ልጅ። ሁለቱም ደህና ናቸው። ኮሪደር ላይ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ፎቶዋን ለፎቁ ሁሉ ሲያሳዩ ዋሉ፣ ለእኔም አሳዩኝ። "እንኳን ማርያም ማረቻት" አልኩ። "አሜን" አሉ።

ከዚያ የሚታጠብ ልብሳቸውን ላነሳ ጎንበስ ስል ዘንቢሉን ሳብ አደረጉና ለሳያት ሰጧት። አልፈረድኩባቸውም።