የኒዛር ረድፍ

ሰኔ 3

ጠዋት መብራት ሁለቴ ሄደ። ጅቡቲ፣ ሆዳን ሰፈር፣ በዚህ ሙቀት፣ ያለ ቬንትሌተር… ተዉኝ እስቲ። ፕሮግራሜ ግን ሠራልኝ። በሰንጠረዡ ላይ ሃያ ሦስት ሾፌሮች ወደ ታች፣ ምልክቶቻቸው ወደ ጎን፦ ማዳበሪያ የሚጭን፣ አፋርኛ የሚችል፣ ፔካ 12 የከባድ መኪና ማቆሚያ የሚያድር… ምልክት የሚጋሩትን ሁሉ በቡድን በቡድን ያወጣል። ሳይደግም፣ ሳይዘል። 212 ቡድን።

ሰንጠረዡን የሠራልኝ ወንድሜ ኒዛር ነው፤ በአጎቴ በሙጠሊብ ትራንዚት ቢሮ እየሠራ፣ ለመመረቂያዬ ብሎ። አንዳንዴ ከሾፌሮቹ ጋር ስለሚጓዝ ለቀልድ ራሱንም ሃያ ሦስተኛ አድርጎ መጨረሻ ላይ ጻፈ። ከኦቦክ በጀልባ እንደወጣ ከቀረ ሁለት ዓመቱ። ጀልባዋም አልተገኘች። እማ ዛሬም ስልኩ ላይ ካርድ ሞላች፣ ቁጥሩ እንዳይዘጋ።

ሰኔ 6

አማካሪዬ ዶክተር ተክለወልድ ከአዲስ አበባ ደወሉ። የመጨረሻው ሰውዬ ሾፌር አይደለም፣ አውጪው አሉኝ። ልክ ናቸው። አወጣሁት።

187።

አንድ ሰው ወጥቶ ሃያ አምስት ቡድን ጠፋ! እሱ መሃል ስላለ ብቻ ከሌላው ተለይተው የቆሙ ቡድኖች ነበሩ ለካ… መልሼ አስገባሁት። ለዶክተሩ አልነገርኳቸውም።

ሰኔ 7

ዝርዝሩ ሲያልቅ የመጨረሻው መስመር «ኒዛር ብቻ» ይላል። ዛሬ አራቴ አስኬድኩት። ምን ነክቶኛል? እዚያ መስመር ሊደርስ ሲል ኮሪደሩ ላይ ነጠላ ጫማ የሚጎተት ይመስለኛል። እፈራለሁ። ካልሰማሁት ደግሞ ይከፋኛል።

ሰኔ 11

የመመረቂያዬ ሁለተኛ ምዕራፍ አናቴን አዞረው። አሁን የምዘረዝረው ሕጎችን ነው፤ «ይኼ ያለው ሁሉ ያም አለው» የሚሉትን፣ ቁጥራቸው ከዚያ በታች ሊያንስ የማይችለውን። አንድ የምልክቶች ስብስብ የእንዲህ ያለ ሕግ መነሻ ነው ለማለት አጭር መንገድ አይታወቅም። በውስጡ ያሉትን ንዑስ ስብስቦች ሁሉ ማሰስ ነው፤ ዕድሜ አይበቃም። አይደለም ለማለት ግን አንድ ማስረጃ ይበቃል።

ከሰዓት አጎቴ መጣ። ሬሳ ሳይኖር የሚሰገደውን፣ ሶላተል ጋኢብ፣ እናሰግድለት አለ። እማ ቀና ብላም አላየችው።

«ሲሞት ያየ ሰው አምጣልኝ።»

ሞቷል ለማለት ባሕሩን ሁሉ ማሰስ ሊኖርብን ነው። አልሞተም ለማለት አንድ ስልክ ይበቃል። እማ ምዕራፌን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

ሰኔ 17

ትናንት ሰንጠረዡን ኒዛር መጀመሪያ በእጁ ከጻፈው ወረቀት ጋር ሳመሳክር የእሱን ረድፍ እንደገና ጻፍኩት። ድሮውንም እንዳለ ረስቼ… ዛሬ ብቆጥር ሃያ አራት ሰው። መጨረሻ ላይ ሁለት ስም፦ «ኒዛር»፣ «መርሁም ኒዛር»።

መርሁም፣ ሟቹ! በዚህ ቤት ማንም አፉን ሞልቶ ብሎት የማያውቀውን ቃል። መቼ ጻፍኩት? እጄ እንጂ እኔ አላውቅም። ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም፤ 212። ምልክታቸው አንድ ከሆነ ሁለተኛው ረድፍ ምንም አይጨምርም፣ ምንም አይቀንስም። ሞቶም ሳይሞትም ያው 212።

እያለቀስኩ እማ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። አነበበችው።

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ቃሉን ዳበሰችው። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች።

ሰኔ 18

እማ ራሷ አጎቴ ጋ ደወለች። ሶላቱ ለአርብ ሆነ።

ሰኔ 21

ተሰገደ። ወንዶቹ መስጊድ፣ እማ ቤት። ኮሪደሩ ፀጥ አለ፤ አዳመጥኩ፣ ምንም የለም። ከሁለቱ ረድፎች «ኒዛር» የሚለውን አጠፋሁ፤ «መርሁም ኒዛር» የሚለው እንዳለ ይቆይ። ለዶክተሩም ይኼ ረድፍ አይወጣም ብዬ ጻፍኩላቸው።

ማታ ላይ እማ የኒዛርን ቁጥር የጻፈችበትን ብጣሽ ወረቀት ይዛ መጣች።

«እኔ ሰግጄለታለሁ» አለችኝ። «ካርዱን ከእንግዲህ አንቺ ሙዪለት።»

ሞላሁ።