ከፍንዳታው በፊት የሰፋነው ካኪ

ውድ ቀሴ፣

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ከተቀመጥኩ ወዲህ አራት ጊዜ ተነስቻለሁ። አንዴ መስኮቱን ልዘጋ፣ አንዴ መልሼ ልከፍተው፣ አንዴ በሩ መቆለፉን ላረጋግጥ። አራተኛውን ለምን እንደተነሳሁ ራሴም አላውቅም። አንተ ከሄድክ ወዲህ አንድ ቦታ መርጋት አቅቶኛል። ፋብሪካ ውስጥ የመስመር አለቃችን «አንቺ ሴት፣ ወንበሩ ይቆነጥጥሻል እንዴ?» ትለኛለች። ይቆነጥጠኛል። ዘጠኝ ወር ሙሉ ያልነገርኩህ ነገር አለ፤ እሱ ነው የሚቆነጥጠኝ።

የሞትክበትን ቀን ላንተው መተረክ ሞኝነት ይመስላል። ግን አንተ ያየኸው እስከ ሁለት ሰዓት ከሩብ ድረስ ያለውን ብቻ ነው፤ የቀረውን ያየሁት እኔ ነኝ። አውቶቡስህ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ነበር። ከተረፉት አንዷ እንደነገረችኝ፣ ሻንጣ የበዛባቸው አንድ አዛውንት እስኪወጡ እየጠበቅክ ነበር። ተሳፋሪው «ኧረ ቀሴ፣ እንንቀሳቀስ!» እያለ ይጮህብሃል፤ አንተ በመስታወቱ እያየሃቸው «አባት ሳይቀመጡማ ጎማ አይዞርም» ትላለህ። በዝግታ በመንዳትህ ያወጡልህን ስም እንደ ሹመት ነበር የተቀበልከው። ያኔ ቦምቡ ፈነዳ፤ አሥራ ዘጠኝ ሰው ሞተ። ሆስፒታል ስደርስ ፊትህን እንዳላይ ከለከሉኝ፤ በካልሲህ ለየሁህ። ጥቁሩን ካልሲ፣ ሌላ ክር አጥቼ፣ ተረከዙ ላይ በቡናማ የጠቀምኩት እኔ ነኝ። የገዛ ስፌቴ አይጠፋኝም።

ታናሽህ አጠገቤ ቆሞ ነበር። አላለቀሰም። እናታችሁ የሞቱ ጊዜ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኖ፣ እጁን ይዘህ አምጥተህ «ከዛሬ ጀምሮ የኛ ነው» ያልከኝ ትዝ ይልሃል? እኛ ሌላ ልጅ አላየንም፤ እሱ በቃን። ሃያ አምስት ዓመት ሞልቶት፣ የራሱን ጎሚስታ ቤት ከፍቶ፣ ከኔ ሁለት ስንዝር በልጦ፣ ያን ቀን ግን የቀሚሴን ጠርዝ ይዞ ነበር የቆመው። መያዙን ያወቀ አይመስለኝም።

በመጀመሪያው ሳምንት ሬዲዮው፣ ቦምቡን ያፈነዱት እዚሁ ከተማ ያደጉ አራት ሰዎች ናቸው አለ። ፎቷቸውንም ጋዜጣ ላይ አየሁት። በሁለተኛው ሳምንት አራቱም ሊያዙ ሲሉ ተኩስ ከፍተው ተገደሉ ተባለ። በሦስተኛው ሳምንት ስማቸውን የሚያነሳ ጠፋ፤ ወሬው ሁሉ ከወንዙ ማዶ ስላለው አገር ሆነ። የላኳቸው እነሱ ናቸው ተባለ። በምን ታወቀ? ማስረጃው አለ፣ ግን ለአገር ደኅንነት ሲባል አይገለጽም። እኔም እሺ አልኩ። ኀዘን ዓይን የለውም፤ እጁን የያዘውን ተከትሎ ይሄዳል።

እጄን የያዘው ደግሞ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ ሰው ነበር። ስሙን አልነገረኝም፤ ከብብቱ ሥር ፋይል ስለማይጠፋ እኔ በልቤ ባለፋይሉ አልኩት። ጨዋ ነው። በሩ ላይ ጫማውን ጠርጎ ገባ፤ «እግዜር ያጥናዎት» አለኝ፤ ከመንጃ ፈቃድህ ላይ ያለውን ፎቶህን ተውሶ ሄደ። በሳምንቱ የከተማው ግድግዳ ሁሉ አንተ ሆነ። የጎደለውን ጥርስህን ሞልተውልሃል። ፈገግታህን አጥፍተው ከሥር «ደሜ ይጣራል» ብለው ጽፈዋል። ቀሴ ሙት፣ መንገድ ለዘጋብህ ታክሲ እንኳ ክላክስ የማታሰማ ሰው፣ ማንን ነው የምትጣራው? ወደ ሥራ ስሄድ ዐሥራ አንድ ቦታ ላይ ታየኛለህ፤ አንዱም አንተ አልነበርክም።

ከዚያ ጦርነቱ ታወጀና ዘማች ለመመልመል የተጠራው ሰልፍ መጣ። ባለፋይሉ የተተየበ ወረቀት ሰጠኝና «እንባ ከመጣብዎት አይታገሉት፤ ይምጣ» አለኝ። ወረቀቱ ላይ እንዲህ የሚል ነበረበት፦ «ባለቤቴን ሰጥቻለሁ፤ የቀረኝንም አንድ እሰጣለሁ።» የጻፈው ሰው ምን እንደቀረኝ አያውቅም። ጥሩ መስሎት ነው የጻፈው። አደባባዩ ጢም ብሏል። መድረኩ ላይ ወጥቼ አንድም ቃል ሳላስቀር አነበብኩት።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲያጨበጭብ፣ የማላውቃቸው ሴቶች እያለቀሱ እጄን ሲስሙ፣ ካልሲህን ካየሁበት ቀን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ተሰማኝ።

በማግስቱ ጠዋት ታናሽህ የውትድርና ምዝገባ ወረቀት ይዞ መጣ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«እትዬ፣ የቀረኝንም አንድ እሰጣለሁ ስትዪ ወደ እኔ ነው ያየሽው።»

ወደ ማንም አላየሁም ነበር። ወረቀቱን ነበር የማየው። እሱ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ከአንተ የወረሰውን ሳቅ እየሳቀ ነበርና ወረቀቱን መልሼ ሰጠሁት።

ከአራት ቀን በኋላ ሥራ ገባሁ። የስፌት መኪናዬ አጠገብ የካኪ ኪስ ተቆልሎ ጠበቀኝ። የመጀመሪያውን ገና ከመርፌው ሥር ሳስገባው፣ ጨርቁ ሲበሳ ያ ደረቅ ድምፅ ተሰማኝ፤ አውራ ጣቴንም ጠቅ አደረገኝ። እጄን አነሳሁ። ይሄን ካኪ ከዚህ በፊት ሰፍቼዋለሁ፤ አንድ ወር ሙሉ፣ በትርፍ ሰዓት ጭምር። ጣቶቼ አልታጠፍ ብለውኝ ነበር። አንተ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ በቅባት እያሸህልኝ «ይሄ ሁሉ ሱሪ ለማን ነው? ሠራዊቱ ተጨማሪ እግር አበቀለ እንዴ?» ብለህ አስቀኸኝ ነበር። ጣቶቼን ያሸኸው አንተ ነህ፤ ስለዚህ በሕይወት ነበርክ። ስለዚህ ፍንዳታው ገና አልደረሰም ነበር።

ተነስቼ ወደ መቁረጫው ክፍል ሄድኩ። ትእዛዞቹ የሚለጠፉበት ሰሌዳ ላይ እየገለጥኩ ቆፈርኩ። አገኘሁት። ትእዛዙ የተሰጠው ከፍንዳታው ዐሥር ሳምንት በፊት ነው። ብዛቱ አርባ ሺህ ሱሪና ሸሚዝ ነው። የሠራዊቱ ትእዛዝ በዓመት ከአራት ሺህ በልጦ አያውቅም። ከሥሩ ደግሞ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ የደም ዓይነት የሚጻፍበት ነጭ ጨርቅ ይጨመር ይላል። እኔ እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ከዚያ ትእዛዝ በፊት እንዲህ ያለ ጨርቅ ሰፍቼ አላውቅም ነበር።

የመስመር አለቃችን ከኋላዬ መጥታ ትእዛዙን አነበበችና ወዲያው በሌላ ወረቀት ሸፈነችው።

«እኔም አይቼዋለሁ» አለች ዝግ ብላ። «ምን ይሁን? ክረምት ሳይገባ ጣራውን የጠገነ ሰው ዝናቡን አመጣ አይባልም።»

«አይባልም» አልኳት። «ግን ዝናቡ ሲመጣ ያጨበጭባል እንዴ?»

«ባልሽን አጥተሻል፤ እንጀራሽን ደግሞ አትጪ። ሂጂ ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልኩ፤ ግን መቀመጥ አልቻልኩም።

እንድትረዳኝ እፈልጋለሁ፤ ገደሉህ አልልም። እንደዚያ የሚሉ አሉ፤ እኔ የማላውቀውን አልምልም። እኔ የማውቀው ሱሪውን ነው። ጦርነቱን አንተ ከመሞትህ በፊት ለክተው፣ ቆርጠው፣ አሰፍተውት ነበር። የጎደላቸው ምክንያት ብቻ ነበር፤ አንተ ሞትክላቸው።

ታናሽህ ሊሄድ ዐሥር ቀን ነበረው። ዘጠኙን ቀን ዝም አልኩ። ይሄ ነው የቆነጠጠኝ፣ ቀሴ። እውነቱን ልነግረው ብል፣ መድረክ ላይ ያልኩት የሰው ቃል እንደነበር መናገር ነበረብኝ። አፈርኩ። ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ እያልኩ ሸሚዙን ተኮስኩለት። ነገ እያልኩ ጫማውን ቀባሁለት።

በዐሥረኛው ቀን ጎሚስታ ቤቱ ሄድኩ። የመጨረሻውን ደንበኛ የውስጥ ጎማ ነፍቶ በገንዳው ውኃ ውስጥ እየነከረ፣ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ይፈልጋል። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሱሪውን፣ ትእዛዙን፣ ቀኑን፣ ወረቀቱን። እጁን ከውኃው ሳያወጣ ሰማኝ።

«ቀዳዳውን ሳታይ ጎማ ትለጥፋለህ?» አልኩት።

«አልለጥፍም።»

«ታዲያ ማን እንደገደለው ሳታውቅ ማንን ልትገድል ትሄዳለህ?»

ቀና ብሎ «ታዲያ ወንድሜ በከንቱ ነው የሞተው ልትዪኝ ነው?» አለኝ። ድምፁ የትልቅ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«በከንቱ ነው የሞተው፣ የኔ ልጅ። አንተ ብትሄድም በከንቱ ነው የሞተው።»

ጎማውን ገንዳው ውስጥ ለቀቀው። ውኃው ቀሚሴን አራሰው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ዘጠኝ ቀኔ።»

«ዘጠኝ ቀን!» አለ። «ዘጠኝ ቀን ሸሚዝ ስትተኩሺልኝ! የመጀመሪያው ቀን ብትነግሪኝ እኮ ገና ነበር፤ ስም መሰረዝ ይቻል ነበር። አሁን ብቀር መጥተው ይወስዱኛል። ለምን ዘገየሽ እትዬ?»

«አፍሬ» አልኩት።

በማግስቱ እሱና ሌሎቹ ዘማቾች በተሰበሰቡበት የትምህርት ቤት ግቢ ሄጄ ሸኘሁት። ካኪውን ለብሷል። ከኔ ጋር ላለመነጋገር ቆርጦ የወጣ ይመስል ነበር፤ መኪናው ሊነሳ ሲል ግን ከላይ ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። የደረት ኪሱን በዓይኔ ፈተሽኩት። አሰፋፉ የኔ መስመር ነው፤ ጠንካራ ነው። እንዲህ ብዬ ማሰቤ አስጠላኝ።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ደብዳቤ መጣ። «እትዬ፣ የነገርሽኝን ለሦስት ጓደኞቼ ነገርኳቸው። አንዱ ሳቀብኝ፣ አንዱ ሰደበኝ፣ አንዱ ዝም ብሎ ኪሱን ገልብጦ ጨርቁን አየ። እዚህ የተማረኩ ሰዎች አሉ። አንዱን ስለ መናኸሪያው ጠየቅኩት፤ የከተማችንን ስም ሁለት ጊዜ አስደግሞኝ፣ የት ነው የሚገኘው አለኝ። በአንቺ አልተናደድኩም፤ ተናድጄ ነበር፣ በረደልኝ።» ይሄው ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር አንድ መስመር አልመጣም። የሟቾች ስም በየሳምንቱ አርብ ይለጠፋል። ከፋብሪካ አስፈቅጄ እሄዳለሁ፤ ከላይ ወደ ታች አነባለሁ፤ ከዚያ ዓይኔን ስለማላምነው ከታች ወደ ላይ። እስካለፈው አርብ ድረስ ስሙ የለም።

ባለፈው ወር ባለፋይሉ ተመልሶ መጣ። ተመዝጋቢው ቀንሷል፤ ሌላ ሰልፍ ሊደረግ ነው። አዲስ ወረቀት አወጣ። አልተቀበልኩትም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አልኩት። «ባለቤቴን ማን ገደለው?»

ወረቀቱ እጁ ላይ እንዳለ ቀረ። ሰበብ ሲፈልግ ጠበቅኩት፤ እሱ ግን ተቀመጠ። «እውነቱን ልንገርዎት፣ እህቴ? አላውቅም። እኔ ወረቀት አመላላሽ ነኝ።» ሲወጣ ደግሞ በሩ ላይ ዞር ብሎ «ይሄን ጥያቄ ብቻዎን አይጠይቁ» አለኝ። ማስፈራሪያ ይሁን ምክር እስከ ዛሬ አልገባኝም። እኔ እንደ ምክር ወሰድኩት።

መርጋት ያቃተው እግሬ መሄጃ አገኘ ማለት ነው። አብረውህ የሞቱትን የአሥራ ስምንቱን ሰዎች ቤት አንድ በአንድ አንኳኳሁ። ከፊሉ አባረረኝ። አንዲት እናት «ልጄ ሞቶ እያለ አንቺ ለጠላት ትሠሪያለሽ» ብላ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው፤ አልፈረድኩባትም፤ እኔም በሰልፉ ማግስት ብሆን እዘጋው ነበር። የሻንጣዎቹ አዛውንት ልጅ ግን ገና ጥያቄዬን ሳልጨርስ «እኔም እንቅልፍ አጥቻለሁ» አለኝ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከአሥራ ዘጠኙ ቤተሰብ ዐሥራ አንዳችን እዚህ ቤታችን ውስጥ ተቀምጠን ነበር። ወንበር አልበቃ ብሎ ሦስቱ አልጋችን ላይ ተቀመጡ። ምን እንጻፍ በሚለው ላይ ስንጨቃጨቅ ዋልን። አንዱ ፍርድ ይጻፍ አለ፣ አንዷ ሰላም፣ አንዱ ደግሞ እኔ እስከ አሁንም ጦርነቱን እደግፋለሁ፣ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ አለ። እሱንም አብሮን አስቀመጥነው፤ የሱም ወንድም ሞቷል። በመጨረሻ ሁላችንም የተስማማንበት አንድ መስመር ብቻ ተገኘ። እኔ በእጄ ገለበጥኩት፤ ዐሥራ አንዳችንም ፈረምን። ያልፈረሙትን ስም አልጻፍንም።

ነገ ጠዋት ይዘነው ወደ ባለፋይሉ መሥሪያ ቤት እንሄዳለን። የመስመር አለቃችን ካወቀች ከሥራ መውጣቴ ነው፤ ከዚያ የባሰም ይኖር ይሆናል። እፈራለሁ፣ አልዋሽህም። የዘገየሁት ዘጠኝ ቀን ግን ከዚህ ይበልጥ ያስፈራኛል። ታናሽህ ቢመለስ ዓይኑን ማየት እፈልጋለሁ። ባይመለስ ደግሞ፣ እሱን ምክንያት አድርገው የሌላ እናት ልጅ የሚልኩበት ፖስተር እንዲሠሩ አልፈቅድም።

የጻፍነው ይህ ነው፦ «ማን እንደገደላቸው ንገሩን። እስክትነግሩን ድረስ በስማቸው ማንንም አትግደሉ።»

ያንተው፣
የዘገየችው ባለቤትህ