ቧንቧው ዳር

ጥቅምት 4
ሰባ ስምንት ሞላኝ። ጫማዬን ራሴ አስራለሁ። ሸሚዜንም ራሴ እተኩሳለሁ፤ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ማንም አልተኮሰልኝም። ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ነው... ቢሆንም የራሴ ነው። የማልችለው አንድ ነገር ብቻ፦ የልጅ ልጄን ማናገር። ሚጢጢ አራት ዓመቷ ነው። ኦቲዝም አለባት፤ አፍ ገና አልፈታችም። ዓምና ልጄ፣ "አባዬ፣ በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ብቻ እናውራት፤ ሁለት ቋንቋ ያደናግራታል ተብለናል" አለች። እኔ ደግሞ ያን ቋንቋ ከሰላምታ አላልፍም። ስለዚህ ዝም። እንደ ቁም ሳጥን ጥግ ይዤ...

ጥቅምት 11
አዲስ የንግግር ባለሙያ መጣች። ልጄ አስተረጎመችልኝ። ሁለት ቋንቋ ልጅ አይጎዳም አለች፤ ኦቲዝም ቢኖርበትም። አያትየው በሚችሉት ቋንቋ ያውሯት! ልጄ አለቀሰች። እኔስ ምን አልኩ? "ቀድሞስ ማን ጠየቀኝ!"

ጥቅምት 12
ጀመርኩ። "ይሄ ምንድን ነው? ኳስ በይ! በይ እንጂ!"
ጆሮዋን ይዛ ጠረጴዛ ሥር ገባች።

ጥቅምት 18
ባለሙያዋ "ኳስ በይ!" ስል አየችኝ። ልጄ መሃል ገብታ አስተረጎመችልኝ፦ "አባዬ፣ አትፈትናት ነው የምትለው። እሷ የምታየውን እይ። እሷ ብትችል የምትለውን ቃል በልላት። ከዚያ ጠብቅ።"
"እስከ መቼ?"
"እስክትመልስልህ።"
"ዝምታውንማ ዓምና ጨርሼዋለሁ በያት!"
ሳቋን ዋጠች። ይቺን የተረጎመቻት አይመስለኝም። አኩርፌ ክፍሌ ገባሁ።

ጥቅምት 25
ሚጢጢ የምታየው ውሃ ነው። ቧንቧው ዳር በርጩማ ላይ ቆማ ትውላለች። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። ኩባያዋ ላይ ጠብ አደረግኩ። "ጨምር" አልኩ፣ ጨመርኩ። አቆምኩ። ጠበቅኩ። ምላሴን በላኝ... ነከስኩት።
ቃል የለም። ግን ዓይኔን አየችኝ!

ኅዳር 3
እጄን ጎትታ ቧንቧው ዘንድ ወሰደችኝ። ይህም ንግግር ነው አለች ባለሙያዋ። ይሁን።

ኅዳር 20
ጨመርኩ፤ አቆምኩ። "ጨም..." አለች ሚጢጢ። ቀና ብላ አየችኝ። "ጨምር!"
ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ውሃው ሸሚዜ ላይ። ልጄ ሮጣ መጥታ ኩባያውን ተቀበለች፤ እሷም ጨምራ አቆመች። ሚጢጢ ለእናቷ ያንኑ በትምህርት ቤቱ ቋንቋ አለቻት! ታዲያ ማን ኖሯል የተደናገረው?
ለባለሙያዋ ዕዳ አለብኝ፤ በቋንቋዋ አጥንቼ፣ ራሴ ሄጄ "ልክ ነበርሽ" እላታለሁ። ልጄም ያን ቀን ስታለቅስ እንባዋን አልጠረግኩም... እሱም ዕዳ ነው። የሚጢጢ ግን ይበዛል፤ ዓመት ሙሉ የዋጥኩት ወሬ። ማንም እንዳይከፍልልኝ። ቀስ ብዬ፣ አንድ አንድ ቃል እያልኩ፣ ራሴው።